ዕጣና ዕዳ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰንሻይን ዌስት በሚገኝ የአንድ ወንድማችን ቤት፣ እንደ ልማዳችን ለውይይት ተሰብስበን ነበር። የዕለቱ ርእስ የልማት ኢኮኖሚክስ ነው። ንግግሩን የከፈተው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወንድማችን፣ «ሐኪም አንድ መድኃኒት ፈዋሽ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ ሁለተኛውን ለማነጻጸሪያ አቆይቶ ነው። እኛም ይህንኑ ጥበብ ተምረናል። ከእንግዲህ ስለ ድኽነት የሚደረግ ክርክር በመፈክር ሳይሆን በሙከራ ይፈታል» አለ። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ወንድማችን ብድግ ብሎ፣ ነገሩ ሁሉ የባዕዳን ሴራ እንደ ሆነ፣ ሕዝባችንም የቤተ ሙከራ አይጥ እንደ ተደረገ በቁጣ ተናገረ። ክርክሩ በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት ያህል ከዘለቀ በኋላ፣ እስከዚያ ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረች፣ በነርስነት የምትሠራ እኅታችን አንዲት ጥያቄ ጣለች። «እኛ ዘንድ ሙከራው ሰው መጉዳት ከጀመረ የሚያስቆም ኮሚቴ አለ። እናንተ ዘንድ የሚያስቆመው ማነው?» አለች። ከሁለቱም ወገን መልስ አልተገኘም።

ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው ያን ዝምታ ለመስበር ነው። አቋሟም በአጭሩ ይህ ነው። የሕክምና ሙከራ ክብሩን ያገኘው ከዕጣው አይደለም፤ ዕጣ ማውጣትማ ማንም ያውቅበታል። ክብሩን ያገኘው፣ ዕጣው ላልወጣለት ሰው ዕዳ እንዳለበት በማመኑ ነው። የልማት ኢኮኖሚስቶች ከሐኪሞች ዕጣውን ተዋሱ እንጂ ዕዳውን ገና አልተረከቡም። ሙከራን በጅምላ የሚያወግዙ ወገኖቻችን በበኩላቸው፣ ያለ ዕጣም ያለ ዕዳም በመላ አገራችን ላይ የተደረጉትን ታላላቅ ሙከራዎች ዘንግተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በ1948 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የፈተነበትን ውጤት አሳተመ። ሕሙማኑ 107 ነበሩ። በዕጣ የተመደቡት 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፤ 52ቱ ዕረፍት ብቻ ተሰጣቸው። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ዕጣው ለምን አስፈለገ ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ መድኃኒቱን እንደ ልብ የምትገዛበት ዶላር ስላልነበራት ለሁሉም አይበቃም ነበር። ለሁሉም የማይበቃን ነገር በዘመድ ወይም በገንዘብ ከማደል በዕጣ ማደል ይሻላል፤ በዚያውም ዕውቀት ይገኝበታል። ይሁን እንጂ ለማነጻጸሪያ የቀሩት ሕሙማን ለማነጻጸሪያ መቅረታቸውን አላወቁም ነበር። ዕጣው ገና ከልጅነቱ ሳይናገሩ የመውሰድ ነውር ነበረበት።

ይህን ነውር ሐኪሞች በገዛ ደግነታቸው አላረሙትም። የተጎዱ ሰዎች ደም ነው ያረመው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ግፍ ለፍርድ ሲቀርብ፣ በ1947 የኑረምበርግ ደንብ «ሰው ሳይፈቅድ አይሞከርበትም» የሚለውን ሕግ አስቀመጠ። በ1964 የሄልሲንኪ መግለጫ ተከተለ። ይህም ሁሉ ተብሎ፣ በአሜሪካ አላባማ፣ ተስኪጊ በተባለው ስፍራ፣ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣኖች ቂጥኝ የያዛቸውን ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ድኾች የበሽታቸውን ምንነት ሳይነግሯቸው ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በዓይን ብቻ ሲከታተሏቸው ኖሩ። ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ እንዳይደርሳቸው አደረጉ። ጉዱ በጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ የሚያስቆም አልተገኘም። ዛሬ በትልልቅ የሕክምና ሙከራዎች ላይ የሚቆመው ነጻ ኮሚቴ፣ ሕሙሙ አውቆ የሚፈርመው ወረቀት፣ «የተሻለ መድኃኒት እንዳለ እየታወቀ ማንንም መከልከል አይገባም» የሚለው ደንብ፣ ሁሉም የእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ዕዳ ያልነው ይህን ነው።

ዕዳው በአገራችን ምን መልክ እንዳለው ለማየት ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሂድ። ከ2006 ጀምሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በትራኮማ ላይ አንድ ትልቅ ሙከራ ተካሄደ። ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ ሽፋሽፍት ብሌንን እየወጋ፣ በመጨረሻ የሚያሳውር በሽታ እንደ ሆነ ከገጠር የመጣን ሁላችን እናውቃለን። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ። አንዳንዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሕዝቡ ሁሉ ታደለባቸው፤ በአንዳንዶቹ ልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ ወሰዱ፤ 12ቱ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲታከሙ ቆዩ። በ2009 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆኑ ልጆች ሞት፣ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ተራ ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቍጥር በችኮላ አትለፈው። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ አዳነ ማለት ነው። እንዲሁም ዓመቱን ሲጠባበቁ ከሞቱት ልጆች መካከል መድኃኒቱ ቀድሞ ቢደርሳቸው ይተርፉ የነበሩ ነበሩ ማለት ነው። ሙከራው ሲጀመር ይህን ያወቀ አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ሐኪሙ በሐቅ ሊከራከር ይችላል። ከዚያስ በኋላ ምን ተደረገ? የቆዩት ቀበሌዎች በቀጠሮአቸው መድኃኒቱን አገኙ። ጀርሞች መድኃኒቱን ይለምዱት እንደሆነ፣ ማለትም ጉዳቱ፣ ከጥቅሙ ጎን ተለካ፤ በእርግጥም መልመድ መጀመራቸው ታይቶ በይፋ ተጻፈ። የልጆቹ ነገር በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ እጅግ በሰፋ ሙከራ ተጣራ፤ በ2018 በወጣው ውጤት የልጆች ሞት በ13.5 በመቶ ያህል መቀነሱ ታወቀ፤ በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ላይ መመሪያ አወጣ። ዕዳው ተከፍሎ አለቀ አልልም። የሞተ ልጅ በመመሪያ አይመለስም። ሆኖም ዕዳ መኖሩ ታውቋል፤ በመዝገብ ሠፍሯል፤ ተጠያቂ አለው።

ለዚህ አስተሳሰብ ከሄልሲንኪ በፊት የነበረ የራሳችን ሥርዓት አለን፤ እርሱም ዕቁብ ነው። በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ተራን ነው እንጂ ድርሻን አይደለም። ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ለዚህ ዋስ ናቸው። አንዱ ቀድሞ በልቶ ሌላው ለዘለዓለም የሚቀርበትን ማኅበር እናቶቻችን ዕቁብ አይሉትም፤ ሌላ ስም አላቸው። የጎንቻው ሙከራ ቢያንስ መልኩ የዕቁብ ነበር።

አሁን ወደ ኢኮኖሚስቶቹ እንመለስ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ምሁራን በአገራችን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ለፋብሪካና ለመሰል ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ክፍል ሥራው ተሰጠው፤ ሁለተኛው ወደ 300 የአሜሪካ ዶላር የሚሆን ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ባዶ እጁን ቀረ። በ2018 ታትሞ እንደ ወጣው፣ ወደ ሥራው የገቡት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀው ወጡ። ከዓመት በኋላ ገቢያቸው ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጎላ ብሎ ጨመረ። ገንዘቡን ያገኙት ገቢ በአንድ ሦስተኛ ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ ሦስቱም ክፍሎች ተቀራርበው ተገኙ፤ የገንዘቡ ጥቅም ጠፍቶ፣ የጤናውም ጉዳት በአብዛኛው አልፎ ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች ፍርድ እናጓድል ዘንድ አይገባም። አመልካቾቹ ሥራውን የፈለጉት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ፋብሪካዎቹም የነበሩ ናቸው። ምሁራኑ ፋብሪካ ለድኻው ይበጃል ብለው ገምተው፣ ግምታቸው ሲፈርስ በይፋ ተናግረዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ሐቀኝነት ነው። ይህ ጥናት ባይኖር ኖሮ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚዘመረውን መዝሙር በምን እንመልሰው ነበር?

ነገር ግን የእኅታችንን ጥያቄ እናንሣ። አንድ መድኃኒት በሙከራ ላይ ሳለ ሕሙማንን እየጎዳ ቢገኝ ሙከራው ይቆማል፤ መድኃኒቱ ለገበያ አይፈቀድም፤ ኩባንያው ይጠየቃል። በፋብሪካው ሙከራ የሠራተኛው ጤና ተጎድቶ ተገኘ። ፋብሪካው ምን ሆነ? ጥናቱ አንድ ፋብሪካ አንዲት መስኮት እንዲከፍት፣ አንድ ጓንት እንዲገዛ፣ አንዲት ብር እንዲጨምር የሚያስገድድበት ሥልጣን አልነበረውም። ጥናቱ ሲጀመር በአገሪቱ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሐኪሙ ሙከራ የሚፈተነውና የሚፈረድበት መድኃኒቱ ነው። በኢኮኖሚስቱ ሙከራ ግን ፈታኙ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፣ ፋብሪካው ሥራውን ይቀጥላል፣ ተፈትኖ የሚቀረው ድኻው ብቻ ነው።

ይህን የምንከራከርበት ሰፈር ራሱ ለዚህ ምስክር አለው። ጎረቤታችን ሰንሻይን ስሟን ያገኘችው በኤች. ቪ. ማኬይ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በ1907 ዳኛ ሂጊንስ የዚሁ ፋብሪካ ደመወዝ ተገቢና ሚዛናዊ መሆን አለመሆኑን እንዲመረምር ተጠየቀ። ዳኛው ዕጣ አላወጣም። የቤት እመቤቶችን ሳይቀር ጠርቶ ለቤት ኪራይ፣ ለዳቦ፣ ለማገዶ ስንት እንደሚወጣ አስመሰከረ። ከዚያም ሙያ የሌለው ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ እንደ ሰው ለመኖር በቀን ከ7 ሺሊንግ ማነስ እንደሌለበት ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ፍርዱ የተመሠረተበትን ሕግ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው፤ መለኪያው ራሱም ሴት ሠራተኛን በእኩል ዓይን ያየ አልነበረም። ቢሆንም አስተሳሰቡ በዚህ አገር የደመወዝ ሥርዓት ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖሯል። እኔ ሙከራን በፍርድ ቤት ለመተካት አይደለም ይህን የማነሣው። በ1907 በምርመራው ፊት የቆመው ባለፋብሪካው መሆኑን ልብ እንድንል ነው። በእኛ አገር በተደረገው ሙከራ በምርመራው ፊት የቆመችው ሥራ ፈላጊዋ ናት።

ዕዳው ፈጽሞ ሲረሳ ምን ሊመጣ እንደሚችል ደግሞ ናይሮቢ አሳይታናለች። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት፣ በከተማይቱ ድኻ ሰፈሮች ያልከፈሉ የኪራይ ቤት ባለቤቶችን ግቢ በዕጣ እየለየ ውኃ የማቋረጥን እርምጃ ፈተነ። የውኃ ድርጅቱ ያልከፈለን የመቁረጥ መብት ቀድሞም ነበረው፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ለመከላከያ አቅርበዋል። ሆኖም ውኃ ሲቋረጥ የሚጠማው ባለቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ነው። የትኛው ሐኪም ነው የአባት ዕዳ ለማስከፈል የልጅን መድኃኒት በዕጣ የሚያስቀር? ነገሩ በምሁራን መካከል ብርቱ ክርክር ማስነሣቱ አያስደንቅም።

«እኛም የሥነ ምግባር ቦርድ አለን፤ ከ2013 ጀምሮም ሙከራዎቻችንን የምናስመዘግብበት መዝገብ አለን» ይሉናል። እውነት ነው። ቦርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ተመራማሪው በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከሚፈተነው ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው። የሚመረምረውም በዋናው ሙከራው ሳይጀመር የቀረበለትን ወረቀት ነው። መካከል ላይ ገብቶ «ይብቃ» የሚል ኮሚቴ ግን በሕክምናው እንዳለው የተለመደ አይደለም።

ሌላም ንጽጽሩ የሚያነክስበት እግር አለ። የሰው ሳንባ በጎንቻም በሜልበርንም ሳንባ ነው፤ ገበያ ግን እንዲህ አይደለም። ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመሳፈሪያ ገንዘብ በዕጣ ሰጥቶ፣ ሥራ ፍለጋቸው እንደ በረታ፣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም በአጭር ጊዜ ከፍ እንዳለ በ2018 አሳትሟል። መልካም። ነገር ግን አንድ የሥራ ቦታና ሁለት ፈላጊ ባለበት፣ ለአንደኛው የተሰጠው የታክሲ ሒሳብ ሁለተኛውን ሊያስቀረው ይችላል። መድኃኒት እኔን ሲያድን ጎረቤቴን አያሳምምም፤ እንዲያውም የጎንቻው ዓይነት መድኃኒት ጎረቤትንም ይጠብቃል። ሥራ ግን የወረፋ ነገር ነው። ጥሩ ተመራማሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለመለካትም ይደክማሉ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አንገስ ዲተን ከፈላስፋዋ ናንሲ ካርትራይት ጋር በ2018 እንደ ጻፈው፣ በአንድ ስፍራ የተገኘ አማካይ ውጤት ለምን እንደ ሆነ ካልታወቀ በቀር በሌላ ስፍራ መልስ ሊሆን አይችልም። በ2019 አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር ስለዚህ ዘዴ በተሸለሙ ጊዜ በየሸንጎው የተነፋው መለከት ይህን ማስጠንቀቂያ ሊሸፍነው አይገባም።

አሁን ፊታችንን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ማለት ወደ ራሳችን እንመልስ። «ሕዝባችን የቤተ ሙከራ አይጥ አይደለም» የሚለው ጩኸት ደስ ይላል። ታዲያ በ1984 እና በ1985 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላ የተጋዘው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ምን ነበር? ከዚያ የተከተለው የመንደር ምሥረታስ? ያም ሙከራ ነበር። ፈቃድ አልተጠየቀበትም፤ ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ የሚያስቆመው ኮሚቴ አልነበረም፤ ውጤቱንም የዘገበው ፈታኙ ራሱ ነው። ያን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ የእኛኑ ቋንቋ፣ የእኛኑ መፈክር እየተናገሩ ነው። በጥቂት ቀበሌ የተሞከረ፣ የታየ፣ ቢከፋ የሚቆም ነገር፣ በመላ አገር ላይ በአዋጅ ከሚጫን እርግጠኝነት ስንት እጅ ይሻላል! እርግጠኛ ነኝ ባይ ሁሉ ሞካሪ ነው፤ ልዩነቱ አለማመኑ ነው።

ይህን ስል ጥያቄ ሁሉ በዕጣ ይፈታል ማለቴ አይደለም። በ1967 በስዊድን እርዳታ በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አዳረሰ፤ ምርቱ አደገ። በመሬቱ መድለብ የጎመጀው ባለርስት ግን ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አባረረ። ማዳበሪያውን በዕጣ የፈተነ ሰው ቢኖር ኖሮ በኩንታል ቈጥሮ «ተሳክቷል» ባለ ነበር። በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ የማነጻጸሪያ ቡድን ያልጠየቀው ስላልተማረ አይደለም፤ ጥያቄው የፍትሕ ስለ ነበረ ነው። ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ሙከራ ይነግረናል። አዝመራው የማን ነው የሚለውን አይነግረንም።

ደግሞም ጥያቄው ከማን ይመንጭ? በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲመራመር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት አስተዋለ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ያወቅነው ከዚያ ነው። ጥያቄው የተወለደው ሕዝቡ በሚውልበት ወንዝ ነበር። የዓለም ባለሥልጣን ተቋሞች ግን የአፍሪቃውን ላቦራቶሪ ውጤት ለማመን ዓመታት ፈጀባቸው። ዛሬ በሙከራው መስክ ያለው ድልድል ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጥያቄው ከወዲያ ይመጣል፤ መልሱ ወደ ወዲያ ይሄዳል፤ የአገሩ ልጅ መጠይቅ ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በሕዝባችን ላይ ሙከራ የሚያደርግ ሁሉ ጥያቄውን ከመቅረጹ በፊት ሕዝቡን በቋንቋው ይጠይቅ፤ ለመጠይቁ መልስ ብቻ ሳይሆን ለሚሞከርበት ነገርም ፈቃድ ይቀበል። ሁለተኛ፣ ከአካባቢው ሰዎች የተመረጡበት፣ ጉዳት ሲታይ ሙከራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ነጻ ኮሚቴ ይኑር። ሦስተኛ፣ የዕቁብ ሕግ ይከበር፤ የሚበጅ ነገር ከተገኘ ለማነጻጸሪያ የቀረው ሰው ተራው ይድረሰው። አራተኛ፣ ፋብሪካም ሆነ መሥሪያ ቤት ለሙከራ በሩን ሲከፍት፣ ጉዳት ቢገኝ ምን እንደሚያርም አስቀድሞ ይፈርም። ይህን የማይፈርም ባለሀብት በሠራተኛው ላይ የመሞከር መብት የለውም።

ከኛም የሚጠበቅ አለ። በመካከላችን ስታቲስቲክስ የተማሩ፣ ሕክምና የተማሩ፣ ሕግ የተማሩ ሞልተዋል። ስለ አገራችን የተደረጉት እነዚህ ጥናቶች በእንግሊዝኛ ተጽፈው በእንግሊዝኛ ተነበዋል። ፋብሪካ ገብታ ሳንባዋን ያመማት ልጅ የሆነችውን በገዛ ቋንቋዋ አንብባ ታውቃለችን? ማኅበራችን ጥናቶቹን ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እየመለሰ ለሠራተኛ ማኅበራት ይላክ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።

እዚህ ሰንሻይን ዌስት የምንኖር ሰዎች ከአብሮ አደጎቻችን የተለየን በብልኅነታችን አይደለም። አንዱን ቪዛ አወጣው፣ ሌላዋን የትምህርት ዕድል፣ ሌላውን የስደተኛ ወረቀት። በዚያው ሰልፍ የቆሙ፣ ከኛ የማያንሱ ብዙዎች ቀሩ። የዚያ ዕጣ ዕዳ በእጃችን ነው፤ በመጀመሪያ የምንከፍለውም የእኅታችንን ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ በመጠየቅ ነው።